የጭቃ ብድር

መምህር ኢፋ ወደ ነቀምቴ ሲዛወር
ያልተከፈለ የሱፍ ስፌት ነበረው በኔ ደብተር።
በገንዘቡ ፈንታ
አንድ የመስታወት ሳጥን፣ ሰባት ዓሣ፣ አንድ ሞተር፣
«እነዚህን ያዢ» ብሎ በባጃጅ ላከ ማታ።

የማጣሪያው ወረቀት በአምስት ቋንቋ ያወራል፤
በአምስቱም «ከሰሉን ጣሉ፣ ሌላ ግዙ» ይላል።
ከሂርማታ ገበያ እስከ መንቲና ጠየቅሁ፤
«የዓሣ ማጣሪያ» እያልኩ ባለሱቁን አሳቅሁ።
«ዓሣ ይጠበሳል እንጂ ይጣራል ወይ?» አለ አንዱ፣
የሚስማር ካርቶን እየገፋ በክንዱ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።
የተዘጋጀ ልብስ ልክ አልሆን ሲል ተርትሮ ማስተካከል መች አቃተኝ?
የከሰሉን ከረጢት ተረተርኩት፤
ያለቀለትን ከሰል ከደጅ ደፋሁት።
ከፍራሽ ሰፊው ዘንድ ቁራጭ ስፖንጅ ለመንኩ፣
በጨርቅ ጠመኔዬ ልኩን አሰመርኩ፣
በትልቁ መቀስ በአንድ ትንፋሽ ቆረጥኩ።
ሻካራው ከፊት፣ ደቃቁ ከኋላ፤
በመካከል ደግሞ የእንስራ ገል ሞላሁ፣
ዕድሜውን ውሃ የያዘ፣
ተሰብሮም ከውሃ ያልራቀ፤
ከሱም ጋር ቀይ የገሞራ ድንጋይ፣ ቀዳዳው የበዛ፣
ከግንበኛው ሙዘይን የተለመነ እንጂ ያልተገዛ።

ሞተሩን ሰካሁት።
ውሃው ጠርቶ ጠርቶ
ዓሦቹ በባዶ አየር ላይ በክር የተሰቀሉ መሰሉ።

በወሩ ሳየው ስፖንጁ ጠቁሯል፤
እንደ ክረምት ካልሲ ይሸታል፣ ያሟልጫል።
እኔ ደግሞ እድፍ አልወድም፤
ከደንበኛ ሱፍ ላይ ብናኝ ክር አልተውም።
ከቧንቧው ሥር አድርጌ፣
በበረኪና ነክሬ፣ ገሉን እንኳ በብሩሽ ፈትጌ፣
ነጭ በነጭ አድርጌ መለስኩት።

በሦስተኛው ቀን አራቱ
ሆዳቸው ወደ ላይ ዞሮ አገኘኋቸው ከሌሊቱ።
ውሃው ግን ንጹሕ ነበር።
መርፌ ቢወድቅበት ዓይኗ የሚታይ፣
ያን ያህል ንጹሕ ነበር።

ፈረንጅ አራዳ፣ ነጂብ ጸጉር አስተካካዩ ዓሣ ያረባል።
ስነግረው ምላጩን በደንበኛው ጉንጭ ላይ አቆመ፦
«እድፍ ያልሽው እድፍ አይደለም እኮ፤ ሕዝብ ነው፣
የዓሣውን መርዝ በልቶ የሚያድር፤ ቀዳዳው ሁሉ ቤቱ።
አንቺ መንደር አቃጠልሽ፣ በበረኪና፣ በሌሊቱ።»
ከራሱ ማጣሪያ መዳፍ የምታህል ስፖንጅ ቆረጠ፤
የነሐሴን አዌቱ የመሰለ ጭቃ እያንጠባጠበች
በፌስታል ቋጥሮ ሰጠ።
«እርሾ በያት» አለኝ። «ሲበዛልሽ ትመልሺያለሽ።»

ዘይት ተበድሬ አውቃለሁ፤ በርበሬ፣ ክር፣ ጨው፤
ጭቃ ስበደር ግን የመጀመሪያዬ ነው።
በዚያ ዝናብ ታቅፌያት መጣሁ፣
ጭቃ ጭቃ እንዳይነካት እየተጠነቀቅሁ።

አሁን ስፖንጅ ሳጥብ ቧንቧ አልከፍትም፤
ከሳጥኑ ውሃ በባልዲ ቀድቼ ሁለቴ ጨመቅ፣ ከዚያ አላልፍም።
ገሉን አልነካም።
መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ዝም ሲል
የጀመርኩትን እጅጌ በመርፌው ትቼ፣
ከሳጥኑ በብርጭቆ እየቀዳሁ
በማጣሪያው አናት አፈሳለሁ።
ለሦስቱ ዓሦች ብቻ አይደለም፤
ገሉ ውስጥ ላሉት፣ ስማቸውን ለማላውቀው።

ድልድዩን ስሻገር ደግሞ አዌቱን አየዋለሁ፤
ፌስታል ተጎትቶ፣ ቄጠማው ታጭዶ፣
«ስፖንጁ የቱ ጋ ነበር?» እላለሁ።

ትናንት የፍራሽ ሰፊው ልጅ ሙና
ከበሬ ቆመች፣ በማርማላታ ብልቃጥ አንዲት ዓሣ ይዛ።
«ነጂብ፣ እሷ ጋ ጭቃ አለ ብሎኛል።»
መነጽሬን ወደ ግንባሬ ገፋሁ፤
መቀሴን አነሳሁ።
«ስንት በስንት ይሁንልሽ?» አልኳት።